ቴሮሶሮች በራሳቸው ኃይል ይበሩ ነበርን?

ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ ወይም ለምን እንደዚያ እንደሆነ በማስረጃ እያስደገፈ ለአንባቢ ያብራራል። ስታነቡ በድርሰቱ የተነሣውን ጥያቄ፣ ለጥያቄው የተሰጡትን የተለያዩ መልሶችና መልሶቹ የተደገፉባቸውን ማስረጃዎች ለይታችሁ ያዙ። በምንባቡ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምንባብ

ዛሬ በራሳቸው ኃይል በአየር ላይ የሚበሩ እንስሳት ሦስት ወገን ናቸው፤ እነርሱም ነፍሳት፣ አእዋፍና የሌሊት ወፎች ናቸው። በጥንት ዘመን ግን አራተኛ ወገን ነበረ። ቴሮሶር በሚል ስም የሚታወቁት እነዚህ ፍጥረታት ከገበሎ አስተኔዎች፣ ማለትም እንሽላሊት፣ አዞና ኤሊ ከሚመደቡበት የእንስሳት ክፍል የሚቆጠሩ ነበሩ። ከዛሬ 220 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በምድር ላይ ታይተው፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ታላላቆቹ ዳይኖሶሮች በጠፉበት ጊዜ አብረው ጠፍተዋል። ከእነርሱ መካከል ክንፋቸው ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚሆን ትንንሾች ነበሩ፤ ክንፋቸው 10 ሜትር የሚደርስ፣ ሲቆሙም ከቀጭኔ ቁመት የሚተካከሉ ግዙፎችም ነበሩ።

ብዙ ሰዎች ቴሮሶሮችን ከዳይኖሶር ይቆጥሯቸዋል፤ የአእዋፍ ቅድመ አያቶች አድርገው የሚያስቧቸውም አሉ። ሁለቱም ግምቶች ትክክል አይደሉም። ቴሮሶሮች የዳይኖሶሮች የቅርብ ዘመድ ናቸው እንጂ ዳይኖሶሮች አይደሉም። አእዋፍም የወረዱት ከትንንሽ ዳይኖሶሮች ነው እንጂ ከቴሮሶሮች አይደለም። ቴሮሶሮች ዘር ሳይተኩ ያለቁ ናቸው። ስለዚህ በረራቸውን በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ የቀረልን ምስክር በድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ የቆየው ቅሪተ አካላቸውና የእግራቸው ዱካ ብቻ ነው።

ክንፍ እንደ ነበራቸው የሚክድ ሊቅ ዛሬ የለም። ነገር ግን ክንፍ ያለው ሁሉ ይበራልን? ሰጎን ክንፍ አላት፤ ሆኖም ከመሬት አትነሣም። ስለዚህ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ፣ «ቴሮሶሮች ክንፋቸውን እየመቱ በራሳቸው ኃይል ይበሩ ነበርን? ወይስ ከገደል አፋፍ ራሳቸውን ለነፋስ እየሰጡ ይንሳፈፉ ነበር?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ ከመፈለጋችን በፊት በአየር ላይ መሄድ በስንት መንገድ እንደሚፈጸም መለየት ይገባል።

የመጀመሪያው መንገድ ተንሸራቶ መውረድ ነው። በሩቅ ምሥራቅ ደኖች የሚኖር ድራኮ የተባለ የእንሽላሊት ዓይነት አለ። ይህ እንሽላሊት በጎድን አጥንቶቹ ላይ የተወጠረውን ቆዳ እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሻገራል፤ ነገር ግን ምንጊዜም የሚያርፈው ከተነሣበት ዝቅ ብሎ ነው። ሁለተኛው መንገድ ማንዣበብ ነው። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ጥንብ አንሳ ክንፉን ዘርግቶ፣ ሳያርገበግብ እየዞረ ከፍ ከፍ ሲል አይታችሁ ይሆናል። ወደ ላይ የሚያወጣው የገዛ ጉልበቱ ሳይሆን ከሞቀው ምድር የሚነሣው አየር ነው። ሦስተኛው መንገድ ርግብ እንደምታደርገው ክንፍን ወደ ታች እየመቱ መብረር ነው። በራስ ኃይል መብረር የሚባለው ይህ ሦስተኛው ነው። ነፋስ ባይኖርም፣ ገደል ባይኖርም፣ እንስሳው በጡንቻው ብርታት ከመሬት ይነሣል፤ ወደ ፊትም ይገሰግሳል።

ሦስቱን ስንለይ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። ጥንብ አንሳም ቢሆን ከመሬት ሲነሣ ክንፉን መምታት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ አንድ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ያንዣብባል ማለት በራሱ ኃይል መብረር አይችልም ማለት አይደለም።

የመጀመሪያውን የቴሮሶር ቅሪተ አካል መርምሮ በጽሑፍ የገለጸው፣ በጀርመን አገር በማንሃይም ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ስብስብ ኃላፊ የነበረው ጣሊያናዊው ኮዚሞ ኮሊኒ ነው። ዘመኑም 1784 ነበር። ኮሊኒ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የወጣውን አጽም ሲመለከት፣ በእያንዳንዱ እጅ አንዱ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች እጅግ ረዝሞ አገኘው። ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ መወሰን ተስኖት፣ ምናልባት ከባሕር እንስሳት ወገን ሳይሆን አይቀርም ሲል ገመተ። በ1801 ፈረንሳዊው ሊቅ ዦርዥ ኩቪዬ ኮሊኒ ያሳተመውን ሥዕል መርምሮ፣ ረጅሙ ጣት የክንፍ ምሰሶ መሆኑንና እንስሳውም በራሪ ገበሎ አስተኔ መሆኑን አስረዳ። በ1809 የሰጠው ስምም «ባለ ክንፍ ጣት» ማለት ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ በዚህ አልተቋጨም። በ1830 ዮሐን ዋግለር የተባለ ጀርመናዊ፣ እነዚህ ክንፎች ለዋና የሚያገለግሉ መቅዘፊያዎች ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ዋናን የሚደግፍ ሐሳብ ቀርቶ የመንሳፈፍ ሐሳብ ተተካ። በ1914 ሃንኪንና ዋትሰን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ስለ ቴሮሶሮች በረራ ባወጡት ጽሑፍ፣ እንስሳቱ ከብርቱ በራሪ ይልቅ ተንሳፋፊ እንደ ነበሩ አመለከቱ። በ1974ም ብራምዌልና ዊትፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ አገር በካንሳስ የተገኘውን፣ የክንፉ ስፋት 7 ሜትር ገደማ የሆነውን ቴራኖዶንን በሒሳብ መርምረው፣ ክብደቱ 17 ኪሎ ግራም ያህል እንደሆነና ኑሮው በአብዛኛው በነፋስ ላይ በማንዣበብ የተመሠረተ እንደ ነበረ ገለጹ። በነዚያ ዓመታት በብዙ መጻሕፍት የተሣለው ቴሮሶር በገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ነፋስ የሚጠብቅ፣ መሬት ላይ ከወደቀ ግን መነሣት የሚቸግረው ደካማ ፍጥረት ነበር።

ይህ ሥዕል አጥንቶቹ ከሚናገሩት ጋር ይስማማልን? አንድ በአንድ እንመልከት።

በመጀመሪያ ደረትን እናንሣ። ዶሮ ሲበለት ያየ ሰው፣ በደረቷ መካከል እንደ ቢላ የቆመ ስስ አጥንት መኖሩን ያውቃል። በዚህ አጥንት ግራና ቀኝ የሚገኘው ወፍራም ሥጋ ክንፍን ወደ ታች የሚስበው ጡንቻ ነው። ቴሮሶሮችም ሰፊና ብርቱ የደረት አጥንት ነበራቸው፤ ከፊቱም ወደ ውጭ የወጣ የጡንቻ መያዣ ነበረው። በላይኛው የክንድ አጥንታቸው ላይ ደግሞ እንደ መጥረቢያ ምላስ የሰፋ ጉብታ ይታያል። ይህ ጉብታ ከደረት የሚመጣው ትልቅ ጡንቻ የሚጣበቅበት ነው። በትልልቆቹ ቴሮሶሮች የጀርባ አጥንቶች በትከሻ አካባቢ እርስ በርሳቸው ተዋሕደው፣ የትከሻው አጥንት የሚደገፍበት ጽኑ ምሰሶ ሠርተዋል። ተንሸራቶ የሚወርደው ድራኮ ይህን የመሰለ መሣሪያ የለውም፤ የተወጠረውን ቆዳ ዘርግቶ መያዝ ብቻ ይበቃዋልና። እንግዲህ ቴሮሶር ክንፉን የማይመታ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ጡንቻ ለምን ይሸከም ነበር?

ሁለተኛው ማስረጃ የክንፉ አሠራር ነው። የወፍ ክንፍ ከክንድ አጥንትና ከላባ የተሠራ ነው። የሌሊት ወፍ ክንፍ በአራት ረጃጅም ጣቶች መካከል የተወጠረ ቆዳ ነው። የቴሮሶር ክንፍ ግን በአንድ ጣት፣ ይኸውም በአራተኛው ጣት ብቻ ተደግፎ እስከ ጎኑና እስከ ኋላ እግሩ የሚደርስ ቆዳ ነበር። ቀድሞ ይህ ቆዳ በቀላሉ የሚቀደድና እንደ ላላ ሸራ የሚርገበገብ ይመስል ነበር። ነገር ግን በጥሩ ሁኔታ የቆዩ ቅሪተ አካላት እንዳሳዩት፣ በውስጡ ተደራርበው የተሰለፉ ቀጫጭን ጭረቶች አሉት፤ እነዚህም ቅርጹን ጠብቀው ያጠነክሩት ነበር።

ሦስተኛው ማስረጃ ክብደትንና ትኩሳትን ይመለከታል። የክንፋቸው አጥንቶች ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው፤ ከሳንባቸው የሚወጡ የአየር ከረጢቶችም እንደ አእዋፍ ሁሉ ወደ አጥንታቸው ውስጥ ይገቡ ነበር። በ1971 የሶቪየት ኅብረቱ ሊቅ አሌክሳንደር ሻሮቭ በካዛክስታን የተገኘ፣ ገላው ጸጉር በመሰለ ነገር የተሸፈነ ቴሮሶር አስተዋወቀ። እንዲህ ያለ ሽፋን የሚጠቅመው ሙቀቱን ከውስጥ ለሚያመነጭ እንስሳ ነው። ክንፍን አዘውትሮ መምታት ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ፣ ፀሐይ እየሞቀ ከሚውለው እንሽላሊት ይልቅ ለእንዲህ ዓይነቱ ገላ ይስማማል።

አራተኛው ማስረጃ የተገኘው ከራስ ቅል ውስጥ ነው። በ2003 የወጣ ጥናት የሁለት ቴሮሶሮችን የአንጎል ጎድጓዳ በኤክስሬይ መሣሪያ መርምሮ ነበር። የሰውነትን ሚዛንና የዓይንን እንቅስቃሴ የሚያስተባብረው የአንጎል ክፍል ከጠቅላላው አንጎል 7.5 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በአእዋፍ ዘንድ ይኸው ክፍል ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ይህ አንጎል ከሰፊው ክንፍ የሚመጣውን ብዙ መልእክት እየተቀበለ በረራውን ይቈጣጠር እንደ ነበር አጥኚዎቹ ገምተዋል።

አምስተኛው ማስረጃ በደቡብ ፈረንሳይ በክሬሳክ በተባለ ስፍራ በድንጋይ ላይ የቀረ ዱካ ነው። በ2009 በታተመው ጥናት እንደ ተገለጸው፣ አንድ ቴሮሶር መጀመሪያ በሁለት የኋላ እግሮቹ ጎን ለጎን አርፎ፣ ጥቂት ተንሸራትቶ፣ ከዚያም የፊት እግሮቹን መሬት አስነክቶ በአራት እግሩ ሄዷል። ዱካው ፍጥነቱን አስቀድሞ በአየር ላይ እንደ ገታ ያስረዳል። ይህም ወፍ ሊያርፍ ሲል ክንፉን እያርገበገበ እንደሚያደርገው ያለ ነው።

እነዚህ ማስረጃዎች ተደምረው ስለ ትንንሾቹና ስለ መካከለኞቹ ቴሮሶሮች የነበረውን ጥርጣሬ አስወግደዋል። አሜሪካዊው ኬቪን ፓዲያን በ1983 ቴሮሶሮች ክንፍ እየመቱ የሚበሩ እንደ ነበሩ ሰፊ ማብራሪያ ካቀረበ ወዲህ፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይህን ተቀብለዋል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ብርቱ ክርክር የተካሄደው በግዙፎቹ ላይ ነው።

በ1971 ዳግላስ ሎሰን የተባለ ተማሪ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት አንድ ታላቅ የክንፍ አጥንት አገኘ። እንስሳው ኬትሳልኮአትለስ ተባለ። በ1975 የክንፉ ስፋት 15 ሜትር ተኩል ገደማ እንደሚሆን ተገምቶ ነበር፤ በኋላ ግምቱ ወደ 10 ወይም 11 ሜትር ዝቅ ብሏል። ይህን የሚያህል ፍጥረት እንዴት ይነሣል? ችግሩ በሒሳብ ይገለጻል። የአንድን እንስሳ ርዝመት፣ ቅርጹን ሳንለውጥ፣ እጥፍ ብናደርገው የክንፉ ስፋት አራት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እንስሳው በገዘፈ ቁጥር በእያንዳንዱ የክንፍ ክፍል ላይ የሚያርፈው ሸክም ይበዛል። ዛሬ ከሚበሩት አእዋፍ እጅግ ከሚከብዱት አንዱ በአፍሪካ ሜዳዎች፣ በአገራችንም በአዋሽ አካባቢ የሚገኘው ኮሪ የተባለው ወፍ ነው። የእርሱም ክብደት ከ20 ኪሎ ግራም አያልፍም።

ይህን መሠረት በማድረግ በ2009 ጃፓናዊው ካትሱፉሚ ሳቶና ባልደረቦቹ የባሕር ወፎችን የክንፍ አመታት ለክተው፣ ከ40 ኪሎ ግራም ገደማ በላይ የሚመዝን እንስሳ በዚያ ዓይነት በረራ ጸንቶ መቆየት አይችልም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ2010 ደግሞ በካናዳ የሚሠራው ዶናልድ ሄንደርሰን የኬትሳልኮአትለስን ክብደት 544 ኪሎ ግራም ብሎ ገምቶ፣ ይህ እንስሳ እንደ ሰጎን በእግሩ የሚሄድ እንጂ የሚበር አልነበረም አለ።

በዚያው ዓመት ማርክ ዊተንና ማይክል ሀቢብ የሰጡት መልስ ክርክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። በእነርሱ ስሌት የእንስሳው ክብደት ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም ነበር። ከክብደቱ ይልቅ ግን ዋናው ስሕተት ቴሮሶርን በወፍ መለካት ነው አሉ። ወፍ ከመሬት የሚነሣው በእግሩ ዘሎ ነው፤ የሚበረው ደግሞ በክንፉ ነው። አየር ላይ ሲሆን የእግሩ ጡንቻ ሸክም ብቻ ነው። ቴሮሶር ግን በአራት እግሩ የሚሄድ እንስሳ ነበር። የፊት እግሮቹ ክንፎቹም ናቸው። ስለዚህ ክንፉን ወደ ታች የሚመታው ያው ብርቱ ጡንቻ ከመሬት ለማስፈንጠርም ያገለግል ነበር። በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው ደም መጣጭ የሌሊት ወፍ ዛሬም መሬት ላይ ሆኖ በክንዶቹ ተስፈንጥሮ ይነሣል። የቴሮሶር የክንድ አጥንት ከጭኑ አጥንት ይልቅ እጅግ ጠንካራ መሆኑም ይህን ሐሳብ ያጠናክረዋል። በእርግጥ ሁሉም በዚህ አልተስማሙም። ፓዲያንና ባልደረቦቹ በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ኬትሳልኮአትለስ በኋላ እግሮቹ ከዘለለ በኋላ ክንፉን ይመታ ነበር ብለዋል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁለት ወገኖች የሚለያዩት በአነሣሡ ነው እንጂ በመብረሩ አይደለም።

ሰዎች ነገሩን በሥራ ለመፈተንም ሞክረዋል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ማክሪዲ የኬትሳልኮአትለስን ቅርጽ የያዘ፣ የክንፉ ስፋት 5 ሜትር ተኩል የሆነ፣ በባትሪ ኃይል ክንፉን የሚመታ መሣሪያ ሠርቶ በ1986 በረሃ ላይ አበረረው። መሣሪያው በዚያው ዓመት በሕዝብ ፊት ሲታይ ወድቆ ተሰብሯል። ሆኖም ጅራት የሌለውን ያን ቅርጽ ሚዛኑን ጠብቆ ማብረር እንደሚቻል አሳይቷል። የእውነተኛው እንስሳ እኩሌታ ስለ ነበረ ግን የግዙፉን ክብደት ጥያቄ ሊመልስ አይችልም።

በቅርቡ ደግሞ በዮርዳኖስ የተገኙ ሁለት የክንድ አጥንቶች አዲስ ብርሃን ሰጥተዋል። በ2024 በታተመው ጥናት መሠረት፣ የክንፉ ስፋት 10 ሜትር የሚሆነው የአንዱ እንስሳ አጥንት በውስጡ እንደ ጥንብ አንሳ አጥንት ጠመዝማዛ መስመሮች አሉት፤ እነዚህም ሲያንዣብብ የሚደርስበትን መጠምዘዝ ይቋቋማሉ። የክንፉ ስፋት 5 ሜትር የሆነው የሌላው አጥንት ግን እንደ ቤት ማገር በተጠላለፉ ድጋፎች የተሞላ ነው፤ ይህም ክንፍን አዘውትሮ ለሚመታ እንስሳ የሚስማማ ነው። እንግዲህ በአንድ አገርና በአንድ ዘመን የኖሩ ቴሮሶሮች እንኳ የአበራረር ልማዳቸው የተለያየ ነበር።

ከላይ ከተዘረዘረው የምንደርስበት መደምደሚያ ግልጽ ነው። ቴሮሶሮች በራሳቸው ኃይል የሚበሩ እንስሳት ነበሩ፤ ከግዙፎቹም አንዳንዶቹ አብዛኛውን ጉዞ በማንዣበብ ይፈጽሙ ነበር። አይበሩም ያሉት ሊቃውንት ሒሳብ የማያውቁ አልነበሩም። የሳቱት በመለኪያው ነው። የጠፋውን እንስሳ እነርሱ በሚያውቁት ወፍ ለኩት፤ ወፉም ስላልቻለ ቴሮሶርም አልቻለም አሉ። አንድን ነገር በትክክል ለማወቅ ግን በገዛ አካሉና በገዛ ማስረጃው መመርመር ያስፈልጋል። ማስረጃው ሲጨምር ግምትን ማረም ደግሞ የዕውቀት ውርደት ሳይሆን የዕውቀት መንገድ ነው።

መልመጃ አንድ

ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በቃል መልሱ።

1. በአየር ላይ የሚኬድባቸው ሦስት መንገዶች የትኞቹ ናቸው? የእያንዳንዱን ምሳሌ ስጡ።
2. የቴሮሶር ክንፍ ከወፍና ከሌሊት ወፍ ክንፍ በምን ይለያል?
3. በክሬሳክ የተገኘው ዱካ ስለ ቴሮሶሮች በረራ ምን ያስረዳል?
4. የማክሪዲ መሣሪያ የትኛውን ጥያቄ መለሰ? የትኛውንስ ሳይመልስ ቀረ?
5. «የሳቱት በመለኪያው ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምን ማለት ነው?

መልመጃ ሁለት

የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ በያዙት ፍች መሠረት በሌላ ቃል ተኩና በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

አፋፍ፣ ማንዣበብ፣ ተሳነው፣ ተቋጨ፣ መቅዘፊያ፣ ገታ፣ ተስፈነጠረ

መልመጃ ሦስት

«ክንፉን የማይመታ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ጡንቻ ለምን ይሸከም ነበር?» የሚለው ዓረፍተ ነገር ያልተፈጸመን ነገር እንደ ተፈጸመ አድርጎ በማሰብ የተሠራ ነው። «ቢሆን ኖሮ»፣ «ባይኖር ኖሮ»፣ «ቢያውቅ ኖሮ» በሚሉት እየተጠቀማችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ።

መልመጃ አራት

በአካባቢያችሁ ከምታውቋቸው እንስሳት አንዱን መርጣችሁ፣ የአካሉ አሠራር ከአኗኗሩ ጋር እንዴት እንደሚስማማ የሚያብራራ ባለ ሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በዓይናችሁ ያያችሁትን ከገመታችሁት ለይታችሁ አስቀምጡ።